የፈረስ ቀለብ በሚዛን

እንጅባራ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። እህል የሚያስፈጭ ሰው ሚዛኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቆማል፤ ግማሽ ኪሎ ጎደለብኝ ብሎ ግማሽ ቀን የሚከራከርም አለ። ያው ሰው ደጅ ላሰረው ፈረስ ቀለብ ሲሰጥ ግን ጣሳውን ጆንያ ውስጥ ይነክርና አንድ ቀን ከነቁልሉ፣ አንድ ቀን አጉድሎ ይደፋለታል። ድርቆሹንማ ጭራሽ አይለካውም፤ በክንዱ ያቀፈውን ያህል ነው። ከዚያ ፈረሱ ሲከሳ «ዓይን በላው»፣ ሆዱን ሲቆርጠው «ብርድ መታው» ይላል።

እኔ ሁለት ፈረሶች አሉኝ። ዳማው ጋሪ ይጎትታል። አምባላዩ በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር የምወጣበት ነው። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀ ሲሆን፣ አባቶቻችን በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የፈረስን ውለታ ለማሰብ ያቋቋሙት ነው። በእኛ አገር ፈረስ ይወደዳል፤ እኔን የሚያሳስበኝም የተወደደው ነው። የባለጋሪ ፈረስ በቀለብ ማነስ ይጎዳል፣ የተወደደው ደግሞ በገብስ ብዛት ሰኮናው ይቆስላል። ሁለቱንም የሚያድነው መለካት ነው፤ ለመለካት ደግሞ ሦስት ነገር በዚሁ ቅደም ተከተል መታወቅ አለበት፦ የፈረሱ ክብደት፣ የድርቆሹ ክብደት፣ በመጨረሻም የእህሉ ክብደት። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ፈረሱን

ፈረስ የወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አይወጣም። ገመድ፣ ሜትርና የእጅ ስልክ ካልኩሌተር ግን ይበቃሉ።

ሁለት ልኬት ትወስዳላችሁ። አንደኛው የደረት ዙሪያ ነው፤ ገመዱ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ የኮርቻው መታጠቂያ በሚያልፍበት ቦታ ዞሮ ከጫንቃው በስተኋላ ይገናኛል። ሁለተኛው ርዝመት ነው፤ በአንድ ጎን በኩል ከትከሻው ፊት ለፊት ወጣ ብሎ ከሚዳሰሰው አጥንት ጫፍ ተነስቶ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ ቀጥ ተደርጎ ይለካል። ሁለቱንም በሴንቲሜትር ጻፉ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፤ የመጣውን በርዝመቱ አባዙት፤ በመጨረሻ ለ11,880 አካፍሉት። የሚወጣው የፈረሱ ክብደት በኪሎ ነው። ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ለቀለብ ስሌት ግን ይበቃል።

የእኔ ዳማ ደረቱ ዙሪያ 150፣ ርዝመቱ 130 ነው። 150 በ150 ሲባዛ 22,500፤ እሱ በ130 ሲባዛ 2,925,000፤ ለ11,880 ሲካፈል 246 ኪሎ። አምባላዩ 158 በ136 ነውና 286 ኪሎ ይመጣል። ዓይን ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል፤ በመካከላቸው ግን አርባ ኪሎ አለ። አርባ ኪሎ ማለት በቀን አንድ ኪሎ ገደማ የቀለብ ልዩነት ነው።

ስትለኩ መጠንቀቅ ያለባችሁ ደረቱ ላይ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ ትንሹ ስሕተት ይገዝፋል። የዳማውን ደረት 150 ብሎ መያዝ ሲገባ ገመዱ ላልቶ 155 ቢባል ክብደቱ 263 ይሆንና 17 ኪሎ ከሜዳ ይመጣል። ስለዚህ ፈረሱን ደልዳላ ቦታ ላይ በአራት እግሩ አስተካክላችሁ አቁሙት፤ ገመዱ ሥጋውን ሳይቆነጥጥ ቆዳው ላይ ይረፍ፤ ትንፋሹን ሲያስወጣ አንብቡ። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲሜትር ላይ ያልቃል፣ ብዙ ፈረስ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የማይለጠጥ ሲባጎ አዙሩና የተገናኘበትን በጣታችሁ ይዛችሁ በአናጺ ሜትር ለኩት። ላስቲክነት ያለው ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ይህ ስሌት ላደገ ፈረስ የተሠራ ነው። ለውርንጭላም ለአህያም አይሠራም፤ አህያ የሰውነት አሠራሯም የምግብ ፍላጎቷም የተለየ ነው፣ በፈረስ ልክ ብትቀለብ ትወፍርና ትታመማለች።

ድርቆሹ

አሁን ቁጥሩን ይዛችኋል። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እስከ ሁለት ተኩል ያህል ይበላል። ሥራ የሌለው ሁለት ይበቃዋል፤ ሲሠራ የሚውል ሁለት ተኩል ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ድርቆሽና ሣር ከክብደቱ ከመቶ አንድ ተኩል በታች ፈጽሞ መውረድ የለባቸውም፤ እህል ቢትረፈረፍም ጭምር። ምክንያቱ ሆዱ ነው። በሬ ቀኑን ሙሉ የሚያመነዥክበት አራት ክፍል ያለው ሆድ አለው። ፈረስ ያለው አንዲት ትንሽ ጨጓራ ነች፤ ሣሩን የሚያብላላው ከዚያ ወዲያ ባለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ያ አንጀት ባዶ እንዳይሆን፣ በትንሽ በትንሹ ቀኑንም ሌሊቱንም ሸካራ ምግብ እንዲገባለት ይፈልጋል።

ስለዚህ 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዳማዬ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ 5 ኪሎ ደኅና ድርቆሽ ይበላል፣ እህል አያሻውም። ሲሠራ ጠቅላላው 6 ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ያህል ይሆናል፤ 4 ኪሎ ከ700ው ድርቆሽ፣ ቀሪው አንድ ኪሎ ተኩል ገብስ ነው።

ድርቆሽ የሚመዘነው እንዲህ ነው። ማርና ቅቤ ነጋዴዎች የሚያንጠለጥሉት ባለመንጠቆ ሚዛን አለ፤ ዋጋው ከአንድ ልጓም አይበልጥም። ከቤታችሁ ማገር ላይ ስቀሉት። ባዶውን የማዳበሪያ ጆንያ መዝኑና ጻፉ። ከዚያ በየቀኑ በምትሞሉበት ልማድ፣ ሳትጠቀጥቁም ሳታላሉም ድርቆሽ ሙሉትና መዝኑ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ የተለያየ ክምር ላይ እየወሰዳችሁ አራት አምስት ጊዜ ሞክሩና መካከለኛውን ያዙ። «አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ» የሚባል ልክ የለም፤ ጥቅጥቅ ብሎ የታሰረና በእጅ የተበተነ ድርቆሽ በአንዱ ማዳበሪያ ውስጥ ክብደታቸው በእጥፍ ሊራራቅ ይችላል። ልካችሁን ካወቃችሁ በኋላ ለየቀኑ መመዘን ግድ አይሆንም፤ አዲስ ክምር በተከፈተ ቁጥር ግን እንደገና መመዘን አለበት።

የመስከረምና የጥቅምት እርጥብ ሣር ሌላ ሒሳብ ነው። ከአራት እጅ ሦስቱና ከዚያም በላይ ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽን ለመተካት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ሣር ያስፈልጋል። ልጆች ከዘንገና በኩል አጭደው የሚያመጡት አንድ ሸክም ትልቅ ይመስላል፤ ሃያ ኪሎ ቢመዝን ለአንድ ፈረስ ከአንድ ቀን ቀለብ ብዙም አይተርፍም።

ስለ ጭድ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ የግጦሹ መሬት በዲከረንስ ዛፍ ከተያዘ ወዲህ ድርቆሽ እየተወደደ ስለመጣ። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ ይሻላል፤ ነገር ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። እኔ ከሸካራው ምግብ ሲሶውን ብቻ ጭድ አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ ጭድ፣ በተለይ ውኃ ባልጠገበ ወይም ጥርሱ ባለቀ ፈረስ ላይ፣ አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ መተላለፊያ ይዘጋል።

ጣሳው

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ባለጋሪ መጥቶ፣ «አያ፣ ገብስ ተወደደብኝ። በቆሎ ልቀይርለት ነው፤ ጣሳው ያው ሁለት ነው» አለኝ። «ና እስቲ» ብዬ ወደ ሚዛኑ ወሰድሁት።

አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ አነሣሁና ፉርሽካ ሞልቼ አፉን በእንጨት ጠረግሁ። የጣሳው ክብደት ተቀንሶ 220 ግራም ገደማ። አጃ ሞላሁ (እኛ ጋ እንግዶ ነው)፤ 450 አካባቢ። ገብስ 620። በቆሎ ስሞላ መርፌው 750 ላይ ቆመ። ልጁ ጣሳውን አገላብጦ አየው፤ ከሥሩ የሆነ ነገር የደበቅሁ መስሎት ነው። አራቱም አንድ ጣሳ ናቸው። በዚያ ላይ በቆሎ በኪሎም ቢሆን ከአጃ የበለጠ ጉልበት አለው፤ በጣሳ ሲሆን እጥፍ ያህል ይደርሳል። ከአጃ ወደ በቆሎ ጣሳ በጣሳ የቀየረ ሰው ሳያውቀው የፈረሱን እህል በእጥፍ ጨምሮታል።

ቁጥሮቹ እንደ ዘሩና እንደ ድርቀቱ ይለያያሉ፤ የእኔን አትውሰዱ። የራሳችሁን ጣሳ፣ የራሳችሁን እህል ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ወፍጮ ቤት ግቡ። ባለቤቱ ሰው ከሆነ በነጻ ይመዝንላችኋል። ከዚያ በምስማር ጣሳው ላይ መስመር ጫሩ፦ «ገብስ 500» እዚህ፣ «አጃ 500» እዚያ። ከዚያ ወዲያ ልጁም ሚስትም ጎረቤትም ቢቀልበው ልኩ አይዛባም። ጣሳ መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ ሳይመዘን ሲታመን ነው ጥፋቱ።

የገብሱ ሁኔታም ይታይ። የገብስ ልባስ ጠንካራ ነው፤ ሙሉውን ቢበላ ፋንድያው ውስጥ እንዳለ ተመልሶ ታገኙታላችሁ፣ ዶሮ ትለቅመዋለች። ይሸርከት። ለፈረስ ስሸረክት ድንጋዩን አላላለሁ፤ ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ መሰንጠቅ ብቻ ነው ያለበት። ዱቄት ከሆነ አፍንጫው ይገባል፣ አፉ ውስጥ ይለጠፋል። ሽርክት ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይ፣ ይበላሻል። ሽርክቱም በጣሳ ሲሰፈር ክብደቱ ከሙሉው ስለሚለይ ሌላ መስመር ይጫርለት።

በአንድ ጊዜ ምን ያህል

የቀኑን እህል በትክክል መዝኖ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሰው ግማሹን ሥራ ብቻ ነው የሠራው። እህል በአንድ ጊዜ ሲበዛ ትንሿ ጨጓራ አብላልታ ሳትጨርስ ወደ ትልቁ አንጀት ይገፋል። እዚያ በፍጥነት ይቦካል፣ አሲድ ይፈጠራል፣ ሣር የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ያልቃሉ፣ መርዛቸውም ወደ ደም ይገባል። ውጤቱ ቁርጠት ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ተቆጥቶ ፈረሱ መቆም ሲያቅተው ነው፤ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ጥሎ፣ የፊቶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቆማል፤ ሰኮናውን ብትነኩት ይሞቃል። ፈረስ እንደ ውሻ አያስመልስም፤ የገባውን የሚመልስበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው እህል ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ3 ግራም አይብለጥ። ለዳማዬ 750 ግራም ገደማ ማለት ነው፤ እኔ ግን ከዚያም ዝቅ አድርጌ አንድ ኪሎ ተኩሉን በሦስት ከፍዬ 500፣ 500፣ 500 እሰጠዋለሁ። የጠዋቱ ጋሪው ከመጠመዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ነው። የማታው ደግሞ ከሥራ ሲመለስ ወዲያው አይሰጥም፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ድርቆሽ፣ ላቡ ደርቆ ትንፋሹ ሲረጋ ገብስ። ከድርቆሹ ትልቁን ድርሻ ለሌሊት አስቀሩለት።

ፈረስ እህል ጎተራ ገብቶ ወይም ጆንያ ቀድዶ ሲበላ ካገኛችሁት፣ ጤነኛ ቢመስልም ያንኑ ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የሰኮናው ጉዳት የሚወጣው በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ነው፤ ያኔ ረፍዷል። ወፍጮ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ተረት አይደለም፤ የእኔ ጎተራ በር ሁለት መቀርቀሪያ ያለው ለሌባ ብቻ ብዬ አይደለም።

የበዓል ዋዜማ

በጎጃም በዓል አይጠፋም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ እሑዱ ሲጨመር ፈረሱ የሚያርፍበት ቀን ብዙ ነው። ሰው ሲያርፍ ይደግሳል፣ ለፈረሱም «ዛሬ በዓል ነው» ብሎ ገብስ ይጨምርለታል። ይህን ልማድ ከሁሉ አብልጬ እጠላዋለሁ።

በሥራ የኖረ ፈረስ ሙሉ እህሉን እየበላ ቆሞ ይውልና በማግሥቱ ሲጠመድ ገና ትንሽ እንደሄደ ያልበዋል፣ የዳሌው ጡንቻ ይደርቃል፣ መራመድ ያቅተዋል። ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል፤ የተጎዳው ጡንቻ ቀለም ነው። ባለጋሪው እልኸኛ ሆነ ብሎ ይገርፈዋል። ይህ ሲገጥማችሁ ከነበረበት አንድ እርምጃ አታንቀሳቅሱት፤ ጋሪውን ፍቱ፣ ውኃ አቅርቡ፣ ሐኪም ጥሩ።

መከላከያው ቀላል ነው። በበዓሉ ዋዜማ ማታ እህሉን በግማሽ ቀንሱ፤ በበዓሉ ቀንም ግማሹ ብቻ ይሰጥ፤ ድርቆሹን እንደ ልቡ ይብላ። ሁለት ሦስት ቀን ተከታትሎ የሚያርፍ ከሆነ፣ እንደ ፋሲካ ሰሞን፣ እህሉን እስከ ጭራሹ አስቀሩት። ታስሮ ከሚውልም ተፈትቶ ይንጎራደድ። ወደ ሥራ ሲመለስም ሙሉው እህል የሚመለሰው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

የጥር 23 ፈረሰኞችም እንዲሁ ናችሁ። ለጉግስና ለሽምጥ ግልቢያ የሚዘጋጅ ፈረስ በመጨረሻው ሳምንት ገብስ ተቆልሎለት አይጠነክርም። ዝግጅቱ ከኅዳር ይጀምር፤ ልምምዱ ሲጨምር እህሉም በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር።

ማንኛውም የቀለብ ለውጥ አሥር ቀን ያህል ይፈልጋል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከአዲሱ ሩብ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ሩብ፣ ከዚያ ሙሉ። ከአሮጌ ድርቆሽ ወደ አዲስ ድርቆሽም ቢሆን ይኸው ነው። ከክረምት በኋላ ደግሞ ፈረሱን ድንገት ለምለም መስክ ላይ ቀኑን ሙሉ አትልቀቁት።

የማይሰጡ ነገሮች

ከወፍጮዬ ሥር የሚጠረገውን ለፈረስ ስጠኝ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልሰጥም። ጥራጊ ውስጥ አሸዋና የድንጋይ ብናኝ አለ፤ አሸዋው አንጀት ውስጥ እየተጠራቀመ ቁርጠት ያመጣል። ሻጋታ የነካው በቆሎም አይሰጥ፤ ፈረስን አንጎሉን አበላሽቶ የሚገድል ሻጋታ አለ፣ ሌላው ከብት ቢቋቋመው እንኳ ፈረስ አይቋቋመውም። ማጠብም ማድረቅም መርዙን አያወጣውም።

ጓያ የሰውን እግር እንደሚያሽመደምድ ሁሉም ያውቃል። ፈረስም ለዚሁ የተጋለጠ ነው፤ የኋላ እግሩ ይደክማል፣ ጉሮሮው እየጠበበ ሲሮጥ ያጓራል። ግብጦም ሳይነከርና መራራው ሳይወጣ አይቅረብ። ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ ርካሽ ቢሆንም አንዳንዱ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይኖረዋል፤ ለዶሮ መድኃኒት የሆነው ለፈረስ በጥቂቱም ገዳይ ነው።

ፉርሽካን በተመለከተ የከተማ ሰው ይከራከረኛል። ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረስ ከካልሲየም እጅግ ይበልጣል። በየቀኑ ብዙ ፉርሽካ የሚበላ ፈረስ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይስባል፤ መንጋጋውና ፊቱ ያብጣል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ለዳማዬ ከሩብ ኪሎ በላይ አልሰጥም፣ ያም በርጥቡ፣ ያም በየቀኑ አይደለም። የኑግ ፋጉሎ ለምታጠባ ባዝራ ጥቂት ቢጨመር ይጠቅማል፤ ለጋሪ ፈረስ ግን ከገብሱ የተሻለ አይደለም።

ጨውና ውኃ

ጨው ከቀለቡ ጋር ይመዘን። 250 ኪሎ ለሚመዝን፣ ለማይሠራ ፈረስ በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ ላብ በላብ ሆኖ ለሚውል ከአራት እስከ አምስት። የአፍዴራው ጨው ይበቃል። ውኃ በአጠገቡ ከሌለ ግን ጨው አትጨምሩ።

ውኃ ለእያንዳንዱ መቶ ኪሎ ክብደት በቀን 5 ሊትር ትንሹ ነው። ለዳማዬ ከአሥራ ሁለት ሊትር በላይ፣ በሥራ ቀን እጥፉና ከዚያም በላይ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ካላችሁ ተለክቶ ይሰጣል፤ ምን ያህል እንደጠጣም ይታወቃል። የእንጅባራ ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ በረዶ የሚያህል ውኃ ሲቀርብለት ፈረስ ጥቂት ጠጥቶ ይተዋል፣ ማታ ድርቆሹ አንጀቱ ውስጥ ይደርቃል። ቤት ውስጥ ያደረ ውኃ አውጡለት።

ልኩ ትክክል መሆኑን ማወቅ

ስሌቱ መነሻ ነው፤ ፍርዱ የፈረሱ ገላ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ሰዓት ደረቱን ለኩና ጻፉ፤ እኔ የምጽፈው የወፍጮ ቤቱ በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ነው። ከዚያ ጎድኑን በመዳፋችሁ ዳስሱ። አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ አጥንት በሌላው ስትዳስሱ እንደሚሰማችሁ፣ ጎድኑ ሳይታይ በቀላሉ መዳሰስ አለበት። የሚታይ ከሆነ ከስቷል፤ ተጫንታችሁም ካላገኛችሁት ወፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ሄኔኬ ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚሄድ መለኪያ አለ፤ 5 መካከለኛው ነው፣ የጋሪና የግልቢያ ፈረስም እዚያ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። የአንገቱን ጫፍና የጭራውን ሥር ደግሞ አትርሱ፤ ስብ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ልኩን ሳታጎድሉ እየከሳ ከሄደ ቀለብ አትጨምሩበት፤ መጀመሪያ ጥርሱን አሳዩ። ሣር ጎርሶ እያድበለበለ የሚጥል ፈረስ ጥርሱ ታሟል። ቀጥሎ የሆድ ትል ነው። በትል የተያዘን ፈረስ በገብስ ማወፈር ትሉን መቀለብ ነው። መድኃኒቱም የሚሰጠው በክብደቱ ልክ ስለሆነ፣ ያ 11,880 እዚህም ያገለግላችኋል።

ያረገዘች ባዝራ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ የምታጠባ ደግሞ ከዚያ በላይ ትፈልጋለች፤ የምታጠባው ከክብደቷ ከመቶ ሦስት ያህል ልትበላ ትችላለች። ስለ እነሱ ብዙ አልልም፤ ሐኪም እያያቸው ይሁን።

የዓመቱን ግዢ አስቀድሞ ማስላት

ልኩን ያወቀ ሰው ገበያ ሲወጣ አይደናገጥም። ከጥር መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ መስኩ የማያጠግብበት ስድስት ወር ነው። ለዳማዬ 4 ኪሎ ከ700 በ180 ቀን 846 ኪሎ ይሆናል፤ ለሚረገጠውና ለሚበላሸው አንድ አሥረኛ ጨምሩና ዘጠኝ ኩንታል ከሠላሳ ኪሎ ያህል ድርቆሽ ያስፈልጋል። ገብሱ በወር 25 የሥራ ቀን በአንድ ኪሎ ተኩል፣ አምስት የዕረፍት ቀን በግማሹ ሲታሰብ ለስድስት ወር ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። ገብሱ በታኅሣሥ፣ ከአውድማ እንደተነሣ ሲገዛ ይረክሳል።

ድርቆሹ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ አበባው ሳይረግፍና ግንዱ ሳይጠነክር የታጨደው ይሻላል፤ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ሲያሸቱት የሚሸት፣ ሲራገፍ አቧራ የማያወጣ። ሻጋታ ያለው ድርቆሽ ለሳል ይዳርጋል። አቧራ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ስጡ፤ ሻጋታ ከሆነ ግን ለእርሻ ማዳበሪያ አድርጉት። ክምሩ መሬት አይንካ፣ ከሥሩ እንጨት ይደርደርለት።

ሻጩ በሸክም ወይም በጋሪ ነው የሚሸጠው። ጠዋት ጤዛ ያለበትን አትግዙ፤ ለውኃው የድርቆሽ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ባለመንጠቆውን ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከክምሩ ሁለት ሦስት ሸክም መርጣችሁ መዝኑ፣ ዋጋውን ለኪሎው አካፍሉና ከዚያ ተከራከሩ። ሸክሙ ከሌላው ሻጭ ረክሶ ሳለ ኪሎው የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው። «ድርቆሽ ተመዝኖ ያውቃል ወይ?» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ቀጣዩ ጋ እለፉ።